ስላይደሩን እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው?

ሰው ሙያዬን ሲጠይቀኝ «አርክቴክቸር አስተምራለሁ» ብዬ ማለፍ እወዳለሁ። ጠያቂው የሙያው ሰው ከሆነ ግን ሁለተኛ ጥያቄ አይቀርም፦ «ቲዎሪ ነው ወይስ ዲጂታል?» ሁለቱንም ስለው ፊቱ ላይ ትንሽ ጥርጣሬ አያለሁ፤ አንዱንም በቅጡ ያልያዘ ሰው ነው የሚል ዓይነት። ገና ማስተማር ስጀምር አንድ አንጋፋ መምህሬ «ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው መክረውኝ ነበር። ምክራቸውን በአክብሮት ሰማሁ፤ አልተቀበልኩትም እንጂ። እኔ የማየው ዛፍ አንድ ነበር።

የአካዳሚው ዓለም ግን ሁለት ነው ብሎ ቆርጧል። ጆርናሉ ሌላ፣ ጉባኤው ሌላ፣ የምርምር ገንዘቡ ሌላ ነው። አንድ ጽሑፌ በሁለት ገምጋሚዎች እጅ ገብቶ አንደኛው «ኮዱ በዝቶ ሐሳቡ ሳስቷል»፣ ሌላኛው «ፍልስፍናው በዝቶ ውጤቱ አልታየም» ብለው መልሰውልኛል። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ጽሑፍ መሆኑን ለማመን ተቸግሬ ነበር። ዲፓርትመንት ውስጥም ቢሆን ሌዘር መቁረጫ ሲገዛ ሁሉም መጥቶ ፎቶ ይነሳል፤ የቲዎሪ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ማንም በማይፈልገው ሰዓት፣ ተማሪው ሌሊቱን ስቱዲዮ ሲሠራ አድሮ ዓይኑ በሚከደንበት ጠዋት ላይ ይመደባል።

ይህን ሁሉ ዓመት ስሟገትለት የኖርኩት ሐሳብ አንድ ነው። ማንኛውም የንድፍ ሶፍትዌር በውስጡ የሕንጻ ንድፈ ሐሳብ ይዟል። ሕንጻ ከምን እንደሚጀመር፣ ምኑ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ምኑ እንደማይነካ አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስሙን ሽፋኑ ላይ ያወጣልና ልንከራከረው እንችላለን። ሜኑውን የደረደረውን ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም። የኔ ሥራ እሱን መጠየቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

(ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለች።)

የዲጂታል ንድፍ ኮርሴን የምጀምረው ኮምፒውተር ሳይከፈት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ አርክቴክትና ጸሐፊ፣ በሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ነው። አልቤርቲ የዘመኑን ሮም ለክቶ መዝግቧል፤ መሃሉን ካፒቶል ኮረብታ ላይ አድርጎ፣ የከተማዋን ግንብ፣ በሮቿን፣ ወንዟንና ዋና ዋና ሕንጻዎቿን። ውጤቱን ግን በካርታ መልክ አላስተላለፈም። በዚያ ጊዜ መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ተገልብጦ ነው። ጽሑፍ ሲገለበጥ ይብዛም ይነስም እንዳለ ይተርፋል፤ ሥዕል ግን ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር መልኩ እየተበላሸ ይሄዳል። አልቤርቲ ይህን ስላወቀ ከተማዋን በቁጥር ጻፋት። እያንዳንዱ ነጥብ ከመሃሉ በየትኛው አቅጣጫ፣ በምን ያህል ርቀት እንዳለ ሰንጠረዥ አወጣ። ሰንጠረዡን ወደ ካርታ የሚመልሰውን መሣሪያ አሠራርም አብሮ ገለጸ፤ ጠርዙ በእኩል የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳና መሃሉ ላይ ተተክሎ የሚዞር ማስመሪያ። አንባቢው ቁጥሩን እያየ ማስመሪያውን ያዞራል፣ ነጥቡን ያኖራል፣ ካርታውን ራሱ ይስላል። የታሪክ ጸሐፊው ማሪዮ ካርፖ ይህንን ሥራ ከዲጂታል ምስል ጋር አያይዞ በሰፊው ተንትኖታል፤ እኔም መንገዱን ያገኘሁት ከእሱ ነው።

ይህን ነገር በስላይድ አሳይቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሰንጠረዡን አድላለሁ፤ የሮምን ካርታ ማየት ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም ይበዛል፤ «ዲጂታል ተብሎ ተመዝግበን ማስመሪያ ያዝን» የሚል አይጠፋም። ነጥቦቹ እየበዙ ሲመጡ ግንቡ ዙሪያውን መግጠም፣ ቲበር ወንዝም መታጠፍ ይጀምራል። ሙግቱ የሚነሳው ነጥቦቹን ማያያዝ ላይ ሲደረስ ነው። አንዱ ቀጥ ባለ መስመር ያገናኛል። አጠገቡ ያለችው ደግሞ «ወንዝ እንዲህ ተሰብሮ አይሄድም» ብላ ታጎብጠዋለች። ቁጥሩ አንድ፣ ወንዙ ሁለት ሆነ ማለት ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ባዶ ማን ይሞላዋል? በምን ሕግ? ሴሚስተሩን በሙሉ የምናሳድደው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መርከብ ሠሪዎች ከኮምፒውተር በፊት የራሳቸው መልስ ነበራቸው። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወለል ላይ ያጋድሙና እዚህም እዚያም ከባድ ክብደት ያሳርፉበታል፤ ዘንጉ በክብደቶቹ መካከል እንደ ጠባዩ ይታጠፋል፤ በእሱ ላይ ይሰመራል። ዘንጉ ስፕላይን ይባል ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሲትሮየን ፖል ደ ካስቴልዦ፣ ከዚያም በሬኖ ፒየር ቤዚዬ፣ የመኪና አካል በቁጥር ለመግለጽ የሚያስችል የጎባጣ መስመር ሒሳብ አበጁ። የካስቴልዦ ሥራ በኩባንያው ምስጢርነት ለዓመታት ሳይታተም ስለቆየ መስመሩ በቤዚዬ ስም ተጠራ። ዛሬ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማውሱን ሁለት ሦስት ቦታ ጠቅ አድርጎ የሚያገኘው ለስላሳ መስመር የዚህ ዘር ነው። ለምን እዚያ ጋ እንደጎበጠ ብትጠይቁት «ራሱ ነው የጎበጠው» ይላችኋል። ራሱ የሚጎብጥ መስመር የለም፤ የመርከብ ሠሪውን ዘንግ እንኳ ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታና የእንጨቱ ውፍረት ነበሩ የሚያጎብጡት።

ይህ መስመር የአርክቴክቶች ስክሪን ላይ በ1990ዎቹ ሲደርስ ፍልስፍና ታጅቦ ነው የደረሰው። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዢል ዴሊዩዝ በ1988 ስለ ፈላስፋው ላይብኒትስና ስለ ባሮክ ጥበብ የጻፈው የእጥፋት ሐሳብ (ነገሮች ሳይቆራረጡ እየታጠፉ ይቀጥላሉ የሚል) ነበር። በ1993 አርክቴክቱ ግሬግ ሊን ስለ እጥፋትና አርክቴክቸር አንድ የመጽሔት ልዩ እትም አዘጋጀ። በ1994 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርናር ቹሚ ዲን በነበረበት ጊዜ፣ በኮምፒውተር ብቻ የሚነደፍባቸው፣ ወረቀት አልባ የተባሉት ስቱዲዮዎች ተከፈቱ። የዚያን ዘመን ጽሑፎች ደጋግሜ አነባለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ቅሬታዬ ግን አልጠፋም። ስለ ዴሊዩዝ ሃያ ገጽ ጽፎ ስለ ቤዚዬ አንድ መስመር የማይጽፍ ሰው ፍልስፍናውን እንደ ጌጥ ለጠፈው እንጂ አልተጠቀመበትም። መስመሩ የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው የሚፈልገው ነገር ነበረው፣ እሱም በቆርቆሮ መጭመቂያ ተደጋግሞ ሊወጣ የሚችል ቅርጽ ነው። ያ ፍላጎት መስመሩ ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ሕንጻ ሲሻገር ምን ሆነ? ይህን የጠየቁ ጥቂቶች ናቸው። አርክቴክቱን በርናር ካሽን ከወቀሳው አወጣዋለሁ፤ የዴሊዩዝን ትምህርት የተከታተለ፣ በዚያው ላይ ሶፍትዌሩንም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽኑንም ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በ1997 የተከፈተው የፍራንክ ጌሪ የቢልባዎ ጉገንሃይም ሁልጊዜ የዲጂታል አርክቴክቸር ምሳሌ ሆኖ ይነሳል። ሕንጻው ግን የተወለደው በእጅ ከተሠሩ ሞዴሎች ነው። ካቲያ የተባለው፣ የፈረንሳዩ ኩባንያ ዳሶ ለአውሮፕላን ሥራ ያበጀው ሶፍትዌር፣ ሞዴሎቹን ወደ ልክና ወደ ግንባታ ለማድረስ ነው የገባው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ለኔ ጥያቄ ግን ብዙም አይረዳኝምና አልፈዋለሁ።

እኔ በቲዎሪ በኩል ነው የገባሁት። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ንድፍ መሣል ታሪክ ነበር። ያኔ የአርክቴክቸር ታሪክ ጸሐፊው ሮቢን ኢቫንስ በ1986 ያሳተመውን ጽሑፍ አገኘሁ፤ አርክቴክቶች በቀጥታ የሚሠሩት ሥዕልን እንጂ ሕንጻን አለመሆኑን፣ በሥዕሉና በሕንጻው መካከል ያለው መሻገሪያም ምን ያህል ያልተመረመረ እንደሆነ የሚያሳይ። ከዚያ በኋላ ኮድ መማር ምርጫ አልነበረም። በዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ሥዕል መሣል ትተው ሥዕል የሚሥል መመሪያ መጻፍ ጀምረው ነበር። መሻገሪያው አንድ እርምጃ ጨመረ፤ እሱን ሳላውቅ ስለ ሥዕል መጻፍ አልችልም ነበር።

አሁን ወደ ስላይደሩ ልምጣ። ግራስሆፐርን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ዴቪድ ሩተን ራይኖ ለተባለው የባለ ሦስት ገጽታ ንድፍ ሶፍትዌር የሠራው፣ በ2007 መታየት የጀመረ መሣሪያ ነው። ትናንሽ ሣጥኖችን በሽቦ መሳይ መስመር እያያያዛችሁ የንድፉን አመክንዮ ትገነባላችሁ። በግራ በኩል ቁጥር የሚሰጡ ስላይደሮች አሉ፤ ስትጎትቷቸው ቅርጹ ዓይናችሁ እያየ ይለወጣል። ሱስ ያስይዛል፤ ጎትቶ ጎትቶ «ይቺ አማረችኝ» ብሎ የሚያቆም ተማሪ ስንት አይቻለሁ።

በአንድ ጁሪ (ተማሪ ሥራውን በዳኞች ፊት የሚያቀርብበት ግምገማ) ላይ አንድ ተማሪ የሚጠማዘዝ ፎቅ ይዞ መጣ። የወለል ብዛት ስላይደር አለው፤ የመጠምዘዣ ማዕዘን ስላይደር አለው፤ የመስኮቱ ስፋት፣ የፊት ለፊቱ ቅጠሎች ጥግግት፣ ሁሉም ይጎተታሉ። ሌሎቹ ዳኞች ስለ ቅርጹ ሲያወሩ እኔ የሣጥኖቹን ሰሌዳ ክፈትልኝ አልኩት። ጥግ ላይ ከሁሉም የተነጠለች አንዲት ቢጫ ሣጥን አለች፤ ውስጧ 3.5 ተብሎ ተጽፏል። የወለሉ ከፍታ ነው። ስላይደር የለውም። የደረጃውና የሊፍቱ እምብርት ደግሞ መሃል ላይ የተተከለ አራት ማዕዘን ነው፤ እሱም አይነካም።

«ይቺ ለምን ስላይደር አልሆነችም?» አልኩት።

«መምህር፣ እሷ የተለመደች ናት» አለኝ።

የዚያ ተማሪ ቲዎሪ በሙሉ እዚያች ቢጫ ሣጥን ውስጥ ነበር። ጽፎ ባቀረበው ማብራሪያ ላይ ስለ ተለዋዋጭነትና ስለ ነጻ ቦታ ብዙ ብሏል። ሰሌዳው የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ሕንጻ ማለት ከማይነቃነቅ እምብርት ዙሪያ የሚዞር ልብስ ነው፤ ሰው የሚኖርበት ከፍታ አይመረመርም፤ የሚመረመረው መንገደኛ የሚያየው ነው። ይህ እምነት ሊሆን ይችላል፤ ተሟግቶ ሊያቀርበው ይችላል። ችግሩ ማመኑን አለማወቁ ነው። አንድ ሳምንት ሰጥቼው እንዲያገላብጠው ጠየቅሁት፤ መጠምዘዣውን ቁጥር አድርገህ ቆልፍ፣ ከፍታውን ለየወለሉ ልቀቀው። ይዞት የመጣው ከውጭ ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሴክሽኑ (ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል) ላይ ግን አንዳንዱ ወለል ወደ ታች ሰምጦ፣ አንዳንዱ ሁለት እጥፍ ከፍ ብሎ፣ ደረጃው በየመንገዱ ማረፊያ እያገኘ ሄዷል። በዚያ ዓመት ካየኋቸው ሴክሽኖች የሚበልጠው አልነበረም።

ምን ይለወጥ፣ ምን ይጽና የሚለው ውሳኔ ከግራስሆፐር በፊትም ነበር። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 በኤምአይቲ ባቀረበው፣ ስኬችፓድ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር መስመር ይሥልና «እነዚህ ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ»፣ «እነዚህ እኩል ይሁኑ» ብሎ ማሽኑን ያዘዋል፤ ማሽኑም ሥዕሉን እንደዚያው ያስተካክለዋል። ዝምድናው ከመስመሩ እኩል የሥዕሉ አካል ሆነ ማለት ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሉዊጂ ሞሬቲ ደግሞ በ1960 በሚላን ትሪየናሌ ላይ የስታዲየም ሞዴሎች አሳይቷል፤ ቅርጻቸው የወጣው ተመልካቹ ሜዳውን ከሚያይበት ሁኔታ ተሰልቶ ነው። ሞሬቲ ቢያንስ ምን እንደሚለካ ተናግሯል፦ ማየትን። ከሱ በኋላ የመጣው የፓራሜትሪክ (ቁጥሩ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ) ቅርጽ ጎርፍ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለካውን ሳይነግረን ይጠማዘዛል። አርክቴክቱ ፓትሪክ ሹማከር በ2008 ፓራሜትሪሲዝምን አዲስ ስታይል ነው ብሎ ሲያውጅ ደስ ያላለኝ ለዚህ ነው። መሣሪያን ስታይል ማለት የተቆለፈውን ሣጥን እንዳንከፍት ያደርገናል።

ተማሪዎቼ አርክቴክቱን ክሪስቶፈር አሌክሳንደርን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌር ካጠና ጓደኛ ሰምተው ነው፤ ይህ ሁሌ ያስቀኛል። አሌክሳንደር በ1964 ባሳተመው ሥራው ለአንድ የሕንድ መንደር 141 ፍላጎቶችን ዘርዝሮ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ መዝግቦ፣ በሒሳብ ወደ ቡድኖች ከፋፍሏቸዋል። ዘዴው ዝና አስገኘለት፤ እሱ ግን በ1971 በወጣው እትም መግቢያ ላይ «የንድፍ ዘዴ» የሚባለውን ጥናት ራሱ ነቀፈው። ሰው ዘዴውን ይዞ ሕንጻውን ረሳ ነው ነገሩ። በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር 253 ፓተርኖች (ለሚደጋገም የንድፍ ችግር የሚሆኑ የመፍትሔ ንድፎች) ይዞ መጣ፤ ከክፍለ ሀገር አደረጃጀት ጀምሮ እስከ መስኮት ጥግ ድረስ። አርክቴክቶች አኩርፈው ሲያልፉት ፕሮግራመሮች ተቀበሉት። ፕሮግራመሩ ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ (አንባቢው ራሱ የሚጽፍበትና የሚያርመው ድረ ገጽ) የከፈተው የሶፍትዌር ፓተርኖችን ለመሰብሰብ ነው። ስለዚህ የሕንጻ ቲዎሪ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው አርክቴክት ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሁለት ዛፍ ለሚሉኝ ሰዎች የማቀርበው ዋና ማስረጃዬ ይህ ታሪክ ነው።

ስለ ፋይል ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ከሥራዬ ሁሉ ያልተጠበቀው ክፍል እሱ ሆኗልና። የቲዎሪ ሰው ማኅደር ይገባል፣ አቧራ ያራግፋል፣ ያነባል። የ1990ዎቹን ዲጂታል ፕሮጀክት ለማጥናት ስትገቡ ግን የምታገኙት የማይከፈት ዲስክ ነው። ሶፍትዌሩ የለም፣ ሶፍትዌሩን ያስኬድ የነበረው ማሽን የለም፣ ማሽኑን የሚጠግን የለም። በሞንትሪያል ያለው የካናዳ የአርክቴክቸር ማዕከል በ2013 በግሬግ ሊን አዘጋጅነት የዲጂታልን ሥነ ቁፋሮ የሚመለከት ዐውደ ርእይ የከፈተው ለዚህ ነው፤ ገና ሠሪዎቹ በሕይወት እያሉ ቁፋሮ ማስፈለጉ ራሱ ይገርማል። የኔም የጥናት ሞዴሎች አሁን በየትኛውም ማሽን አይከፈቱም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የየነጥቡን ልክና የየውሳኔውን ምክንያት ጽፌ ስለነበር ከዚያ ተነስቼ እንደገና ሠራኋቸው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ከፋይሉ ጋር በቃላት የተጻፈ መመሪያ ያስረክባሉ፤ ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ ያንኑ ነገር መልሶ ሊሠራበት የሚችል። ሲያጉረመርሙ ሮምን አስታውሳቸዋለሁ።

ከ2022 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ምስል የሚያመነጩት መሣሪያዎች ሲመጡ ስቱዲዮው በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ተለወጠ። ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ አራት ሕንጻ ይመጣለታል፤ አራቱም ያምራሉ። ባልደረቦቼ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል፤ የሚከለክሉና የሚጨፍሩ። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት አልቤርቲን መልሶ መክፈት ነበር። በሕንጻ ላይ በጻፈውና በ1485 በታተመው መጽሐፉ የሠዓሊን ሥዕል ከአርክቴክት ሥዕል ይለያል፦ ሠዓሊው በጥላና በርቀት አሳንሶ ነገሩ ጎላ ብሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ አርክቴክቱ ግን ከፕላኑ ተነስቶ በትክክለኛ ልክ ይሠራል። የሚመነጨው ምስል በዚህ መለኪያ የሠዓሊ ሥዕል ነው። ፕላን የለውም፤ ኋላውም የለም።

ስለዚህ የሰጠሁት ሥራ ይህ ነው፦ ምስሉን አምጡ፣ ሴክሽኑን አውጡለት። ሦስት ተማሪዎች አንድ ምስል ተካፈሉ። ከምሰሶ ጀርባ ሽቅብ የሚወጣ ደረጃ አለ፤ አንዷ ተከትላው የትም እንደማይደርስ አገኘች። ሌላው ከታች አምስት የሆኑ ምሰሶዎች ከላይ ስድስት መሆናቸውን ቆጠረ። በር የሌለው በረንዳም ተገኘ። በመጨረሻ ሦስት ሴክሽን ቀረበ፤ ሦስቱም ከምስሉ ጋር ይስማማሉ፣ እርስ በርስ ግን ዝምድና የላቸውም። ከዚያ ውስጥ አንዱ እውነተኛ ፕሮጀክት ሆኖ አደገ፤ ደረጃውን የት ላድርሰው ብላ ስትታገል ነው ንድፍ የጀመረችው።

የሚከብደኝ ቀጣዩ ነው። ግራስሆፐር ላይ ቢጫዋን ሣጥን ጠቁሜ «ይቺን እዚህ ያስቀመጣት ማን ነው?» ማለት እችላለሁ። እዚህ የሚጠቆም ሣጥን የለም። ያለው የጽሑፍ መግቢያና የሚወጣው ምስል ብቻ ነው፤ መካከሉ ውስጥ ያለው ቁጥር በዓይን ተነብቦ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ አሁን የምንሞክረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንወስድና በየጊዜው አንድ ቃል ብቻ እንለውጣለን፤ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን በሰንጠረዥ እንይዛለን። ማቴሪያል ሲለወጥ ምን ይከተላል? የአየር ጠባይ ሲለወጥስ? ቃሉን ብንለውጠውም ባንለውጠውም እየተመለሰ የሚመጣው ነገር የተቆለፈው ቁጥር ነው ብለን እንገምታለን።

ሰንጠረዡ ገና ቀጭን ነው። ብርሃኑ ብዙውን ጊዜ የአመሻሽ ነው፤ ይህን ማንም ያየዋል። ከዚያ የበለጠ የገረመን ሌላ ነው፦ ትምህርት ቤት ብንል፣ ክሊኒክ ብንል፣ የሠራተኞች መኖሪያ ብንል፣ የሚወጣልን ሕንጻ ብቻውን ነው የሚቆመው። ጎኑ ያለ ሕንጻ ካለም ደብዝዞ ከኋላ ይቀራል፤ የሚነካው የለም። አንድ ተማሪ «ስለ ጎረቤት ካልጻፍንለት እኮ ነው» ብሎ ተከራከረኝ፤ ልክ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ሴሚስተር የምንጀምረው «ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች» ከሚል ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግድግዳውን ለማን እንደሚሰጠው እናያለን።